የሰንበቴው ዶንያ

አያቴ ሥራ ከተወ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ያልተንኳኳ ነገር የለም። ግድግዳውን ያንኳኳል። የውኃ በርሜሉን ያንኳኳል። የድስቱን ክዳን፣ የቁም ሳጥኑን ጎን፣ የጎረቤታችንን አዲስ የብረት በር ያንኳኳል። ጎረቤታችን «ማነው?» ብላ ስትወጣ «ማንም አይደለም፣ በሩን እያየሁት ነው» ይላታል። አንዳንዴ ደግሞ ጭንቅላቴን በቀለበቱ ኳ ያደርግና «ማሻአላህ፣ ሙሉ ነው፤ ውኃ አልገባበትም» ይለኛል።

እናቴ ተማረረች። «አባዬ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ አንዴ ቁጭ በል! ሐኪሙ ዕረፍ አለህ እንጂ ቤት አፍርስ አላለህም።»

«ዐረፍኩ እኮ» ይላል፣ ቆሞ።

እኔ አባባ ነው የምለው፤ የከሚሴ ሰው ግን ሰይድ ዶኒ ይለዋል። ስሙ ከየት እንደመጣ እደርስበታለሁ። ዕድሜውን ሙሉ የፋይበር ሠራተኛ ነበር። ፋይበር ማለት ከመስታወት የተፈተለ ጨርቅ ነው። ሬዚን የሚባል እንደ ማር የወፈረ ፈሳሽ ይጠጣና ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። የባጃጁ ግንባር የተሰበረበት፣ የውኃ ታንከሩ የተሰነጠቀበት ሁሉ አስፋልት ዳር ወዳለችው የቆርቆሮ ሱቁ ይመጣ ነበር። በኋላ ሐኪሙ ሳንባውን አይቶ «ከዚህ ሽታ ጋር ከዛሬ ጀምሮ ተፋቱ» አለው። ሱቁን ለሞባይል ጠጋኝ አከራየውና ቤት ገባ። ከዚያ ማንኳኳት ጀመረ።

የሥራ ዘመኑን ራሱ ቢጽፈው ጥሩ ነበር። ግን ለመጻፍ መቀመጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ እሱ ግቢውን እየዞረ ያወራል፣ እኔ ከኋላው እየተከተልኩ እጽፋለሁ። ዘንድሮ የአማርኛ መምህራችን የጻፍኩትን ለክፍሉ ሲያነቡት የኋላ ወንበር ልጆች እንኳ ዝም አሉ፤ እነሱን ዝም ካሰኘሁ ወዲህ የምፈራው ወረቀት የለም።

«ጻፊ» አለኝ አባባ መጀመሪያ። «ከከሚሴ ስወጣ የማውቀው ትልቁ ውኃ ክረምት ላይ የሚሞላው ቦርከና ነበር። ከዚያ የሚበልጥ ውኃ አለ ሲሉኝ ውሸት መስሎኝ ነበር።»

አሰብ የወረደው ጢሙ ሳይበቅል ነው። ያን ጊዜ የወሎ ወጣት ለሥራ ወደ አሰብ መውረዱ ዛሬ ዐረብ አገር እንደ መሄድ ነበር። ወደብ ላይ ሸክም ያዘ፤ ትከሻው ግን ቀጭን ስለነበር የጭነቱ አለቃ ወዲያው አባረረው። ስለዚያ አለቃ የሚያወራው ይህን ብቻ ነው፦ «ደግ ሰው ነበር። በጊዜ አባረረኝ።»

ከወደቡ ወዲያ ባሕሩ ዳር ጀልባ የሚጠገንበት ቦታ ነበር። እዚያ ኡስታ ሳልምን አገኘ። «ኡስታ» በአሰብ ሰው አፍ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። ኡስታ ሳልም የእንጨት ጀልባ ሲሠሩ ያረጁ ሰው ነበሩ። ፋይበር የሚባለው ነገር ሲመጣ መጀመሪያ «ይኼ የሳሙና ዕቃ ነው» ብለው ስቀውበት ነበር ይባላል። በኋላ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቀው አልተገኘም።

አባባ ስለ እሳቸው ሲያወራ እንኳ አይቆምም፤ እንደውም ፍጥነቱ ይጨምራል፣ እኔ ብዕሬን ይዤ እሮጣለሁ። ኡስታ ሳልም ጀልባ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ባለቤቱን ዝም ያሰኙታል። ከዚያ በብር ቀለበታቸው ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ያንኳኳሉ። ድርቡ ተጣብቆ የያዘ ፋይበር «ቃ!» ይላል፣ ጥርት ብሎ። ድርቡ ከውስጥ ከተላቀቀ ወይም ውኃ ከገባበት ግን «ዱብ» ይላል፣ እንደ ጠገበ ሆድ። «የሚዋሽ ጀልባ የለም» ይሉ ነበር፤ «የሚዋሽ ጆሮ እንጂ።» ሆዷ ላይ እንደ ፈንጣጣ ውኃ የቋጠረ ነገር ካዩ በወስፌ ይወጉትና ያሸቱታል። አቼቶ አቼቶ ከሸተተ ጨው ውኃ ሬዚኑን እየበላው ነው።

ሬዚን ከማድረቂያው ጋር የሚቀላቅሉት ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ የአሰብ ፀሐይ ሳትነቃ ነው። ያውም ትንሽ ትንሽ። ብዙ ከቀላቀልክ ጣሳው ውስጥ እንዳለ ይግላል፣ ይጨሳል፣ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ጨርቁን ሲያለብሱ ብሩሹን አይጎትቱም፤ ጫፉን ብቻ ነካ ነካ ያደርጋሉ፣ አየሩ እንዲወጣ። «አትጥረግ! ቤት እየጠረግህ ነው? ንካ!» እያሉ የአባባን እጅ ይመቱ ነበር። ቀዳዳው ሳንቲም ካከለ ልጣፉ ሰሐን ማከል አለበት። ማታ ላይ የመስታወቱ ብናኝ ሰውነትን ሲያሳክክ የሚታጠቡት በቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ ሙቅ ውኃ የቆዳን በር ይከፍትለታል። አባባ እስከ ዛሬ ሙቅ ውኃ አይነካም፤ አንገቱን ግን እስከ ዛሬ ያካል።

ከሁሉ የበለጠው ልማዳቸው ግን መጨረሻ ላይ የሚያደርጉት ነው። ጥገናው አልቆ ጀልባዋ ውኃ ስትነካ ባለቤቱ ሊወጣባት ሲል በክንዳቸው ይገፉትና ራሳቸው ገብተው ይቀመጣሉ። በገመድ ታስራ ጥልቅ ውኃ ላይ ትገፋለች። እዚያ ቆይተው ይመለሳሉ። «የጠገነ ይቀድማል» ይላሉ፤ ሌላ ማብራሪያ የለም።

አንድ ቀን አሸዋ ላይ የተጣለች አሮጌ የሸራ ጀልባ አሳዩት። አንድ የሩቅ አገር ሰው በነፋስ እየነዳ አምጥቷት፣ ታሞ በአውሮፕላን ሲሄድ ትቷት ቀርቶ ነበር። ፀሐይ ቀለሟን ልጦታል። አባባ «ኡስታ፣ ይቺ አርጅታለች፤ ትቃጠል» አላቸው።

ኡስታ ሳልም መሰርሰሪያ ሰጡት። «ብሳት።»

ሲበሳት፣ ሲበሳት፣ አላልቅ አለው። የሆዷ ውፍረት ከአውራ ጣቱ ይበልጣል።

«ለምን ይመስልሃል?»

«ጎበዞች ስለነበሩ?»

«ስላላወቁ ነው! መጀመሪያ የሠሩት ሰዎች ይህን ነገር አያምኑትም ነበር። ስላላመኑት ፈሩት፤ ስለፈሩት አወፈሩት። ከእነሱ በኋላ የመጡት አወቅነው አሉ፤ አወቅነው አሉና አሳሱት። አንተ ልጅ፣ የፈራ ሰው የሠራው ዕድሜ አለው።»

ከዚያ የላዩን ወለል አስከፈቱት። ፋይበሩ መሀል የደበቁት እንጨት በስብሶ እንደ ዳቦ ይፈረፈራል። «ፋይበሩ አይሞትም» አሉት፤ «የሚሞተው ውስጡ የከተቱት ነገር ነው። በየብሎኑ ቀዳዳ ውኃ እየገባ እንጨቱን ገደለው። ሆዷ ግን አንተንም እኔንም ትቀብራለች።»

አባባ ይህን ሲያስጽፈኝ አንዴ ቆመ። «አሰምሪበት» አለኝ። አሰመርኩበት።

አገሩ ሲለያይ አሰብ የነበረው የወሎ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ተመለሰ። ኡስታ ሳልም ቀሩ፤ ባሕሩን ትተው የት ይሄዳሉ? ቀለበታቸውን ለአባባ ሰጥተው «ሌላው ይቅር፤ ጆሮህን ይዘህ ሂድ» አሉት።

ያቺን የሸራ ጀልባ ደግሞ አንድ የከሚሴ ከብት ነጋዴ ገዛት። ሸራ የለ፣ ምሰሶ የለ፤ ሚዛን እንዲይዝላት ከሆዷ ሥር የታሰረውን ከባድ የእርሳስ ብረትም ሌሎች ፈትተው ሸጠውታል። ነጋዴው የፈለጋት ለሰንበቴ ገበያ፣ ለከብት ማጠጫ ነው። መኪና ላይ ተጫነች። አባባ መቀመጫ ስላጣ እሷው ውስጥ ተጋደመ። እስኪ ልጠይቅ፤ ከአሰብ እስከ ከሚሴ በጀልባ የመጣ ሰው ማን አለ? አያቴ! ባቲ ላይ ልጆች ከኋላ እየሮጡ «ውኃው የታለ?» ይሉት ነበር።

ከሚሴ ገብቶ መንገድ ዳር ቆመና «ዶኒ እጠግናለሁ!» ማለት ጀመረ። ዶኒ በኦሮምኛ ጀልባ ነው። ሰው የሰማው ግን ዶንያ ነው፤ እህል የሚከተትበት ጆንያ። በነጋታው ሴቶች የተቀደደ ዶንያ ተሸክመው መጡ።

«ወንድሜ፣ ዶንያ ትሰፋለህ አሉኝ።»

«ዶንያ አይደለም፣ ዶኒ! ውኃ ላይ የሚሄደው!»

«ከሚሴ ላይ የምን ውኃ አለና? ይልቅ ይቺን ስፋልኝ፣ አይጥ በልቷታል።»

ምን ያድርግ? ሰፋላት። ያን ዓመት የበላው ዶንያ እየሰፋ ነው። ሰይድ ዶኒ የሚለው ስምም በዚያው ጸና፤ ግማሹ ሰው ስለ ጀልባው፣ ግማሹ ሰው ስለ ጆንያው ነው የሚለው። እስከ ዛሬ አልተለየም።

እዚህ ላይ አባባ ግቢውን ብዙ ጊዜ ዞረ። እኔም ዞርኩ። ከዚያ የቀረውን ነገረኝ።

የነጋዴው ጀልባ ሆድ ሥር፣ እርሳሱ ታስሮበት የነበረው ቦታ ተቦርቡሮ ነበር። መደፈን አለበት። ሬዚን ከአሰብ ይዞ መጥቷል፤ የመስታወት ጨርቅ ግን አልቆበታል። ዙሪያውን ሲያይ ያለው ዶንያ ብቻ ነው። «ጨርቅ ጨርቅ ነው» አለ። ዶንያውን ቆርጦ ሬዚን አጠጥቶ ደራርቦ ለጠፈው። በጋ ነበርና ድንጋይ ሆነ። አንኳኳው፦ «ቃ!» ጀልባዋ ሰንበቴ ሄዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ግመልና በሬ ይጠጣባት ጀመር። ሰዉም «ዶንያው» አላት። ስሟ አፍ ላይ ሲዞር ጀልባ መሆኗ ተረሳ።

በዚያው ክረምት ከጨፋ ሰው መጣ። ጨፋ ሜዳ ቦርከና ሲሞላ ባሕር ይሆናል። ለጎርፍ ጊዜ መጥታ እዚያው የቀረች ትንሽ የፋይበር ጀልባ ነበረች፤ እንድሪስ የሚባል ወጣት ገበሬ ሰው ያሻግርባታል። ጉቶ ሆዷን ሰነጠቃት። አባባ ሄዶ እንደ ሰንበቴዋ በዶንያ ለጠፋት። ዝናብ ነበር፤ ዶንያው ርጥበት ይዟል፤ ላዩ ሲደርቅ ውስጡ ለስላሳ ቀርቷል። አንኳኳ፤ ድምፁ ትንሽ ወፍሮበታል፤ ግን ያን ቀን የአክስቱ ልጅ ሰርግ ነበርና ቸኮለ። እንድሪስ «የጠገነ ይቀድማል ትል የለ? ግባ» አለው። አባባም «አብሽር፣ ሂድበት፣ ድንጋይ ሆኗል» ብሎት ወደ ሰርጉ ሄደ።

እንድሪስ የዓመቱን የዘር ማሽላ ጭኖ መሀል ሲደርስ ልጣፉ ተገለጠ። ማሽላው ሰጠመ፣ ጀልባዋም ሰጠመች። እሱ ቄጠማ ጨብጦ ቆይቶ በገመድ ተጎትቶ ወጣ። አባባ ከሰርግ ተጠርቶ ሲደርስ እንድሪስ አልጮኸበትም፣ አልረገመውም። ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፦ «ለምን አልቀደምክም?»

ያን ዓመት እንድሪስ ያልዘራ ሰው ሆነ። ወደ ሰንበቴ ወርዶ የሰው ከብት ማጠጣት ያዘ፣ በዚያችው በዶንያው። እዚያው አረጀ። አባባ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ዶንያ ከሬዚን ጋር አላገናኘም፤ ሰንበቴንም አልረገጠም። የጠገነውን ታንከር ሁሉ ውኃ ሞልቶ ሥሩ ይቀመጥ ነበር፤ ከፈሰሰ በእሱ ላይ እንዲፈስ። እናቴ እንደምትለው አባቷ ተቀምጦ የታየው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። መዝጊያ ዐረፍተ ነገር ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፣ በጣም የሚያምር። ፈተና በጨረስን ሰሞን ግን አንድ የባጃጅ ሹፌር ደጃችን ቆመ።

«አባ ሰይድ፣ ከሰንበቴ ጋሽ እንድሪስ ልከውኝ ነው። እንደነገሩኝ ልናገር፦ አዲስ የሲሚንቶ ገንዳ ተሠርቷል። ዶንያው ተቆርጦ ሊጣል ነው። ክረምት ሳይገባ ይምጣ። ካልመጣም ገባኝ በለው።»

አባባ ወደ ግቢው ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ ያልተንኳኳ ነገር አልቀረም። ጠዋት ስንነሳ ለብሶ ጨርሷል።

«ወዴት ነው አባዬ?» አለች እናቴ።

«ሰንበቴ።»

ጭልፋው በእጇ ላይ ቀረ። «ብቻህን አትሄድም። ሐያት፣ ተነሽ!»

ሐያት እኔ ነኝ። ቀድሜ ጫማዬን አጥልቄ ነበር።

ሰንበቴ የገበያ ቀን ነበር፤ የአፋር ግመሎች አዲሱ ገንዳ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይጠጣሉ። ዶንያው ከጎኑ ባዶውን ተቀምጧል፣ አረንጓዴ ሽበት አብቅሎ፤ ጥላው ሥር በጎች ተኝተዋል። ብዙ ጊዜ አይቼው ዐውቃለሁ። ያን ቀን ግን ሹል አፍንጫውን አየሁ፤ የሆዱን መጥበብ አየሁ። ጀልባ ነው! ገንዳ አፍንጫ ምን ያደርግለታል?

ጋሽ እንድሪስ ረጅም ናቸው፣ ጢማቸው በሂና ቀልቷል። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ «ነጋ?» «ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ተባባሉ፤ ስለ ቤት፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ተጠያየቁ።

«ጢምህ ነጣ» አሉት ጋሽ እንድሪስ።

«ያንተ ቀላ» አለ አባባ።

ሳቅ ሊመጣ ብሎ ተመለሰ። ጋሽ እንድሪስ በዱላቸው ዶንያውን ነኩት። «ልጄ ከጨፋ ማዶ ነው የተዳረችው። አምና ክረምት ምጥ መጣባት፤ መንገዱ ባሕር ሆኗል። በአልጋ ተሸክመው በደረት ውኃ አሻገሯት። እሷ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።» በዱላቸው ወደ ጨፋ ጠቆሙ። «ዘንድሮም ነፍሰ ጡር ናት። አንተ ያኔ ይህን ነገር በሰባት ባሕር የሄደ ጀልባ ነው ስትል ነበር። እንግዲህ ንገረኝ ሰይድ፤ ጀልባ ነው ወይስ ዶንያ?»

አባባ ቀለበቱን ወደ ጣቱ ጫፍ አወጣና አንኳኳ። እኔ እንኳ ሰማሁት፦ «ቃ!» አባባ ግን ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ እንደገና አንኳኳ። ጆሮውን አስጠግቶ እንደገና። ከዚያ እኔን አየኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ግድግዳው፣ በርሜሉ፣ የጎረቤት በር፣ ጭንቅላቴ! ቤቱን አልነበረም የሚያየው፤ ጆሮውን ነበር። ፋይበር የሚሞርድበት የግራይንደር ጩኸት ዕድሜ ልኩን በልቶታል፤ እኛ ጮክ ብለን ስለምናወራ አላወቅንም።

«አይሰማህም እንዴ?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ሰው ይሰማኛል። ይህ ግን…» አባባ ቀለበቱን አወለቀ። «ይህ አይሰማኝም።»

ለእኔ የሚሰጠኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። ለጋሽ እንድሪስ ሰጣቸው። «አንተ አንኳኳ። ያልከውን አምናለሁ።»

ጋሽ እንድሪስ ቀለበቱን ገለባብጠው አዩት። ከዚያ ከአፍንጫው ጀመሩ። አባባ መዳፉን ፋይበሩ ላይ ለጥፎ አብሯቸው ይሄዳል፣ እኔ ከኋላቸው። «ቃ» ይላሉ በአፋቸው። «ቃ… ቃ… ይኼም ቃ ነው።» አልዋሹም፤ እኔ እሰማ ነበር። አንድ የአፋር ግመል ነጂ «ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይኼ?» ሲል ጋሽ እንድሪስ ሳያቋርጡ «ዶኒ!» አሉት። ከዚያ ሆዱ ሥር ጎንበስ ብለው ገቡ።

«ዱብ።»

«አውቃለሁ» አለ አባባ። «እሱ የእኔ ነው።»

«እኔም አውቃለሁ። በየበጋው ሬንጅ የምቀባው ማን ሆነና?»

«የምን ሬንጅ?»

«ገና በጥዋቱ ማንጠብጠብ ጀምሮ ነበር። ዶንያህ በስብሶ እንደ ገንፎ ሆኗል። ከመንገድ ሠሪዎች ሬንጅ እየለመንኩ፣ እያሞቅኩ ስደፍነው ኖርኩ።»

«ለምን ለሰው አልነገርክብኝም?»

«ለማን? ለግመሎቹ?»

አሁን ሳቁ መጣ። አባባ ግን ሳቁን ሳይጨርስ ዞር አለ፤ እኔም ወደ ግመሎቹ አየሁ።

ፈረንጆቹ የሠሩት ሁሉ ጤነኛ ነው፤ የታመመው የእኛው ዶንያ ብቻ። እሱ ተቆርጦ ወጥቶ በመስታወት ጨርቅ መለበስ አለበት። አባባ እጅጌውን ሰብስቦ ቆመ። እኔ ወዲያው እናቴ ጋ ደወልኩ፤ ሐኪሙ ያለውን ማን ረስቶ?

«አባዬ ሬዚን እንዳይነካ!» ጮኸች።

«እሺ፣ እኔ እነካዋለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ምን ቆርጦሽ!»

«እማ፣ ሜዳ ላይ ነው፣ ነፋስ አለ፤ ጭምብልና ጓንት አደርጋለሁ። ደግሞ አንቀጹን በደንብ ዐውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«እሺ፣ ነፋሱን በጀርባሽ አድርጊ» አለች።

ከሱቁ የተረፈውን ጨርቅና ሬዚን አምጥተን በሌላ ቀን ገባንበት። ጋሽ እንድሪስና ጎረምሶች ጀልባዋን ገለበጧት። የበሰበሰው ተቆርጦ ወጣ፤ እጄ ላይ እንደ እርጥብ ገለባ ተፈረፈረ፣ ግማሹ ሬንጅ ግማሹ ዶንያ። ዳር ዳሩን በሰፊው ሞረድነው፤ ቁስሉ ሰሐን ስላከለ ልጣፉ ትሪ ማከል ነበረበት። አባባ ነፋሱ የማይደርስበት ቦታ፣ ከገንዳው ማዶ ቆሞ ይጮሃል። ከወዲህ ወዲያ ይላል፤ ግመሎቹ እንኳ በዐይናቸው ይከተሉታል።

የመጀመሪያውን ጣሳ አበዛሁት። እጄ ላይ ጋለ፣ ጨሰ፣ ድንጋይ ሆነ። ብሩሹም ውስጡ ቀረ።

«ይቺ የሰይድ የልጅ ልጅ ናት፣ ምንም አያጠራጥርም» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ሁለተኛውን በትንሹ ቀላቀልኩ። ጨርቁን አለበስኩ፣ ብሩሹን ጎተትኩ።

«አትጥረጊ!» አባባ ከማዶ። «ቤት እየጠረግሽ ነው? ንኪ!»

ነካሁ። ነጩ ጨርቅ ሬዚኑን ሲጠጣ እንደ ብርጭቆ ጠራ፤ አየሩ እየተንጫጫ ወጣ። ደራረብኩ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ደራረብኩ። ስለፈራሁ። ያኔ የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ገቡኝ። ሲደርቅ ጋሽ እንድሪስ አንኳኩ፤ አሁን በአፋቸው ማለት አላስፈለጋቸውም። ገበያው ሁሉ ሰማው።

ቦርከና ሞልቶ ከዳሩ መውጣት ሲጀምር በእህል መኪና ጨፋ አደረስናት። ሜዳው ብሩህ ውኃ ሆኗል፤ የቄጠማው ጫፍ ብቻ ይታያል። ከማዶ ዳር ሰዎች ቆመዋል፤ ከመካከላቸው አንዲት ሆዷ የገፋ ሴት ነጠላዋን እያውለበለበች ነበር። ጎረምሶቹ ጀልባዋን ገፏት። ውኃ ነካች፣ ተወዛወዘች፣ ቀና አለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ውኃ በሆዷ ስትይዝ ኖራ አሁን ውኃው እሷን ያዛት።

አባባ ሱሪውን ጠቅልሎ ሊገባ ሲል ጋሽ እንድሪስ ዱላቸውን ጥለው ቀድመውት ገቡ።

«ውረድ!» አለ አባባ። የጀልባዋን ጠርዝ ጨበጠ። «እንድሪስ፣ ውረድ ብያለሁ! የጠገነ ይቀድማል!»

ጋሽ እንድሪስ ረጅሙን መግፊያ ሸንበቆ ይዘው ዞር አሉ። «እኔስ?» አሉ። «ስንት በጋ ነው የጠገንኳት?»

አባባ ውኃው ውስጥ ቆሞ ቀረ። እኔ ደግሞ መልሱን ሳልጠብቅ ዘልዬ ገባሁ፤ እኔም ጠጋኝ ነኛ! ጀልባዋ ዘመም ስትል ጋሽ እንድሪስ ሳቁ፣ እጃቸውን ለአባባ ዘረጉ፣ ጎትተው አስገቡት።

አባባ መሀሏ ላይ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ልጣፉን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ደረቅ ነው። ሊያንኳኳ ጣቱን አነሳ፤ ቀለበቱ ግን ጋሽ እንድሪስ ጣት ላይ ነበር። ወደ አፍንጫዋ ሊሄድ አለ፣ ተመለሰ፣ ወደ ጭራዋ ዞረ፤ ጀልባዋ ተንገዳገደች።

«ታኢ!» ጮኹ ጋሽ እንድሪስ። «ተቀመጥ ሰይድ! ጀልባ ላይ አይቆምም!»

አባባ ተቀመጠ።